ለሶሪያሲስ ከዕፅዋት የተሠራ ቅባት፦ የትኛው ይታመናል?

ጥያቄ፦ ከ«ጣና ዳር»

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ነዋሪነቴ ባሕር ዳር ሲሆን ሥራዬ መምህርነት ነው። ሶሪያሲስ እንዳለብኝ ሐኪም ከነገረኝ ሰባት ዓመት አልፎኛል፤ በሁለቱ ክርኖቼ፣ በጉልበቶቼና በራስ ቅሌ ላይ ብርማ ቅርፊት የለበሰ ወፍራም ቁስል ይወጣብኛል። ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ክንዴን ባነሣሁ ቁጥር ቅርፊቱ ጥቁር ኮቴ ላይ ይረግፋል። ተማሪዎቼ የጠመኔ ብናኝ ይመስላቸዋል፤ እኔም አላርማቸውም።

ሐኪሜ ያዘዘልኝ ስቴሮይድ (የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ቅባት፣ ቅርፊት የሚያለሰልስ ሳሊሲሊክ አሲድ የተቀላቀለበት ሌላ ቅባትና ቫዝሊን ነው። ስቀባው ይሻለኛል፣ ስተወው ይመለሳል፤ ይህ ምልልስ ስለሰለቸኝ ባለፈው ጥቅምት አንድ ባልደረባዬ የጠቆመኝን «ከዕፅዋት ብቻ የተቀመመ» ቅባት ከአንድ ሻጭ ገዛሁ። ዕቃው ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ክዳኑ ላይ «100% የተፈጥሮ» ከሚል ጽሑፍ በቀር የአምራች ስምም ሆነ የሚያበቃበት ቀን አልተጻፈበትም። ቅባቱ አረንጓዴ ነው፤ ጤና አዳምና ጥቁር አዝሙድ ይሸታል። በስድስተኛው ቀን ክርኔ እንደ ልጅነቴ ለስልሶ አገኘሁት፤ አልዋሽም፣ አለቀስኩ። ሁለት ወር ሙሉ ስቀባው ቆይቼ ሁለተኛው ዕቃ ሲያልቅ ሻጩ ስልኩን ማንሣት ተወ። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ቁስሉ ቀድሞ በነበረበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ወጥቶብኝ በማያውቅበት በሆዴና በጀርባዬ ላይ ጭምር ወጣ።

አሁን የምጠይቀው ይህን ነው። ያ ቅባት ውስጥ ምን ኖሮ ይሆን እንዲያ ያዳነኝና እንዲህ የጣለኝ? በጥናት የተፈተነ፣ ከዕፅዋት የተገኘ የሚቀባ መድኃኒትስ ለዚህ በሽታ አለ ወይ? እናቴ ደግሞ ጓሮዋ ውስጥ እሬት ተክላ «ይህ እያለልህ» ትለኛለች፤ እሷን ደስ ለማሰኘት ብቀባው የሚያመጣብኝ ጉዳት ይኖር ይሆን?


መልስ፦ ከ«ብልቃጥ»

በፋርማሲ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በስድስት ቀን ጠፍቶ፣ ባቆሙት በሁለት ሳምንት ብሶ መመለሱን ሳነብ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ስቴሮይድ ነው። ዕቃው ሳይመረመር እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ነገር ግን ወፍራም የሶሪያሲስ ቁስልን በሳምንት ውስጥ የሚያለሰልስ የዕፅዋት ቅባት እስካሁን አልገጠመኝም፣ እንዲህ የሚያደርጉ ኃይለኛ ስቴሮይዶች ግን መደርደሪያዬ ላይ አሉ።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪታንያ ለቆዳ ሕመም የተሰጡ 11 የቻይና ባህላዊ ቅባቶች ተመርምረው በ8ቱ ውስጥ ዴክሳሜታሶን የተባለው ስቴሮይድ ተገኝቷል፤ ይቀቡ የነበሩት ሰዎች ግን የቅጠልና የሥር ውጤት ብቻ ነው ብለው ነበር የሚያምኑት። እኛ ዘንድ ደግሞ ክሎቤታሶል የተባለው ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ማዘዣ እየተገዛ ፊት ለማንጣት ሳይቀር ይቀባል። እንዲህ በቀላሉ የሚገኝን ነገር አንድ ሁለት ቱቦ ጨምቆ ከቅቤና ከቅጠል ዱቄት ጋር መለወስ ምን ያስቸግራል? ጥቁር አዝሙዱም ጤና አዳሙም በእርግጥ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ የሚሸትዎ እነሱ ናቸው፣ የሚሠራው ግን ሽታ የሌለው ነው። በዓይንና በአፍንጫ የሚለይበት መንገድ የለም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ክሮማቶግራፊ በሚባል፣ የቅይጥን ንጥረ ነገሮች ለያይቶ በሚያሳይ ምርመራ ነው የሚለየው።

ስቴሮይድ በራሱ ጠላት አይደለም፤ ሐኪምዎም አዝዘውልዎታል። ልዩነቱ እሳቸው ያዘዙት ጥንካሬው ታውቆ፣ የሚቀባበት ቦታና ጊዜ ተወስኖ፣ የሚቆምበትም መንገድ ታስቦ መሆኑ ነው። ስሙና መጠኑ ያልታወቀ ኃይለኛ ስቴሮይድ ለሁለት ወር ተቀብቶ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ግን ሶሪያሲስ ከቀድሞው ሰፍቶ ሊመለስ ይችላል። አልፎ አልፎም መግል የያዙ ትናንሽ ፍንጣቂዎች ያሉበት፣ ትኩሳት የሚያስከትል ከባድ ዓይነት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ። ቅባቱን ብብትዎ ወይም ጭንዎ እጥፋት ላይ ተቀብተውት ከሆነ ቆዳው መሳሳቱንና ሸንተረር ማውጣቱንም ይመልከቱ።

ባዶውን ዕቃ አይጣሉት። ሐኪምዎ ዘንድ ይውሰዱት፤ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ማመልከት ይቻላል።


መልስ፦ ከ«የደብረ ማርቆሷ»

ልጄ፣ ያንተን ሳነብ የራሴን ሠላሳ ዓመት ያነበብኩ መሰለኝ። እኔም ክርኔ ላይ ይህ በሽታ አለብኝ፤ ስሙን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው፣ ቀድሞ «ጭርት ነው» እየተባልኩ ያልሞከርኩት ቅጠል የለም። ስለ ቅጠሉ ሁሉ ከማውራት የአንዱን ብቻ ልንገርህ።

አንድ ጎረቤታችን ጤና አዳም ተወቅጦ ቢታሰርበት ይነቅለዋል ብላኝ፣ ማታ ወቅጬ በነጭ ጨርቅ ክርኔ ላይ አስሬው አደርኩ። ጠዋት ፈትቼው እጅጌዬን ሰብስቤ እስከ ቀትር ድረስ ደጅ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። በዚያን ቀን ምንም አልነበረም። በማግስቱ ምሽት ይለበልበኝ ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን ቆዳዬ ውኃ ቋጠረ፤ የሚገርምህ ነገር የውኃው ቋጠሮ ልክ ጨርቁ ያረፈበትን ቅርጽ ይዞ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ወጣ። ቆዳው ከዳነ በኋላ ጠቁሮ ለወራት ቆየ፤ በዚያው ጠርዝ ላይ ደግሞ ያው በሽታ አዲስ ሆኖ በቀለበት። አንድ ሐኪም በኋላ ሲያስረዱኝ፣ ያቃጠለኝ ጤና አዳሙ ብቻውን ሳይሆን ጤና አዳሙና ፀሐዩ አንድ ላይ ሆነው ነው አሉኝ። ጤና አዳም ለቡና ነው፣ ልጄ።

በእንዶድም ታጥቤ ነበር፤ አደረቀኝና ሰነጣጠቀኝ። እንዶድ ነጠላ ያነጣል፣ ቆዳ ግን ነጠላ አይደለም። እሬቱን በሚመለከት እናትህ ብዙም አልተሳሳተች፤ ያቀዘቅዛል፣ ማሳከኩንም ያስታግሳል፤ ቅርፊቱን ግን አላነሣልኝም። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከልጡ ሥር ቢጫ ሆኖ የሚንጠባጠበውና ጡት ለማስጣል የሚቀባው መራራ ፈሳሽ ቆዳ ይቆጠቁጣልና እሱን አትቀባ፤ የሚፈለገው መሐል ያለው ነጭ፣ እንደ እንቁላል ውኃ የሚያሟልጨው ነው።


መልስ፦ ከ«የቆዳ ሐኪም»

አዲስ አበባ የምሠራ የቆዳ ሐኪም ነኝ፤ ሕመምተኛውን ሳላይ ሕክምና ማዘዝ ስለማልችል ለሁለተኛው ጥያቄ ብቻ በሰፊው እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ የእናታችን የጤና አዳም ታሪክ ከሶሪያሲስ ሕክምና ታሪክ ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ላሳይ። ጤና አዳም ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውሕዶች አሉ። እነዚህ ቆዳ ላይ ሳሉ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ሕዋሳትን ይጎዳሉ፤ ቃጠሎው ወዲያው ሳይሆን ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሎሚ ጭማቂ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰውም እንዲሁ ይሆናል። የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው ፕሶራሌን በአባይ ሸለቆ፣ በግብጽ ከሚበቅል አንድ ዕፅ ይገኛል፤ ግብጻውያን ዕፁን ለለምጽ ሲጠቀሙበት ኖረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የአገሪቱ ተመራማሪዎች ንጥረ ነገሩን ለይተው አወጡት፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ አሜሪካውያን ሐኪሞች ከተመጠነ ጨረር ጋር አጣምረው ለሶሪያሲስ አዋሉት። «ፑቫ» የሚባለው ሕክምና ይህ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቆዳ ካንሰር ሥጋትን ስለሚጨምር ዛሬ ያለ ፕሶራሌን የሚሰጥ፣ በጠባብ የሞገድ ክልል የተወሰነ የአልትራቫዮሌት ጨረር ይመረጣል። እንግዲህ ክርን ላይ በጨርቅ የታሰረው ጤና አዳምና ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠው ፑቫ በአሠራር ዘመዳሞች ናቸው፤ የለያያቸው የመድኃኒቱና የብርሃኑ መጠን መለካቱ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ዲትራኖል የተባለው የሶሪያሲስ ቅባት ነው። በብራዚል ከሚበቅለው የአራሮባ ዛፍ ግንድ የሚገኝ ቢጫ ዱቄት የሕንዷን የጎዋ ወደብ ስም ይዞ ለቆዳ በሽታ ይሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1878 አንድ የለንደን ሐኪም ለሶሪያሲስ እንደሚሠራ ጻፈ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዱቄቱ ወደ ጀርመን መግባት ሲያቆም በ1916 ተመሳሳዩ፣ ማለትም ዲትራኖል፣ በላቦራቶሪ ተሠራ። ይህ መድኃኒት በእርግጥ ይሠራል፣ ልብስና ቆዳንም ያበላሻል፤ አንሶላቸው ቡናማ የሆነባቸውን ሕመምተኞች አውቃለሁ። መምህሩ አሁን የሚቀቡት ሳሊሲሊክ አሲድም ቢሆን ስሙን ያገኘው ከአኻያ ዛፍ የላቲን ስም ነው፤ ስለዚህ ከዕፅዋት የመጣ ቅባት ፍለጋ ሲወጡ አንዱን ቤትዎ ትተው ነው የወጡት።

ከቅርብ ጊዜዎቹ ጥናቶች ውስጥ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ከሰማያዊ ቀለም ቅጠል ማለትም ከኢንዲጎ የሚሠራው የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ነው። በታይዋን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት 42 ሕመምተኞችን በአንዱ የሰውነታቸው ጎን መድኃኒቱን፣ በሌላው ጎን መድኃኒት የሌለበትን ቅባት ለ12 ሳምንት እንዲቀቡ አድርጎ፣ ከ42ቱ በ31ዱ ላይ መድኃኒት የተቀባው ቁስል ሙሉ በሙሉ ወይም ሊጠፋ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ መዳኑን አሳይቷል። ጉድለቱ የነካውን ሁሉ ሰማያዊ ማድረጉ ነው። ይህ የተጠናው የሚቀባ ሆኖ ነው፤ የሚዋጠውን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓን ጤና ሚኒስቴር በሳንባ የደም ሥሮች ላይ ግፊት እንደሚያስከትል ማስጠንቀቂያ አውጥቷልና «የሚቀባ ከሆነ የሚጠጣም ይሆናል» የሚለውን አስተሳሰብ ተጠንቀቁ።

ስለ እሬት ያሉት ጥናቶች እርስ በርስ አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1996 በፓኪስታን 60 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት የእሬት ክሬም ከተሰጣቸው 30 ሰዎች 25ቱ እንደዳኑ፣ እሬት የሌለበትን ከተቀቡት 30 ግን 2ቱ ብቻ እንደዳኑ ዘገበ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ2005፣ በዴንማርክ 41 ሰዎች ላይ የተደረገው ግን እሬት የሌለበት ባዶ ጄል ከእሬቱ ያላነሰ፣ እንዲያውም ትንሽ የበለጠ ለውጥ ማሳየቱን አገኘ። እኔ ለዴንማርኩ አደላለሁ። በመቶ ሰማንያ የሚሆኑ ቁስሎች በባዶ ጄል መሻላቸው ስለ እሬት ብቻ ሳይሆን ስለ ማንኛውም ቅባት የሚነግረን ነገር አለ፤ የደረቀ ቅርፊት ሲርስ ይለሰልሳል፣ ማከክም ይቀንሳል፣ ያልታከከ ቆዳም ይረጋጋል። ብዙ ጊዜ «ቅጠሉ አዳነኝ» የሚባለው ቅጠሉ የተለወሰበት ቅቤ የሠራው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በምርመራ ክፍሌ በተደጋጋሚ የማየው ስለሆነ ነው። የተወቀጠ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቆዳን ያቃጥላሉ። ሶሪያሲስ ደግሞ ቆዳ በተጫረበት፣ በተቃጠለበት ወይም በተቆረጠበት ቦታ አዲስ ሆኖ የመውጣት ጠባይ አለው፤ ጀርመናዊው ሐኪም ኬብነር በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የገለጸው ሲሆን እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። በእናታችን ቃጠሎ ጠርዝ ላይ የበቀለውም ይኸው ነው። የሚለበልብ ቅጠል «በሽታውን እየነቀለው ነው» የሚባለው አባባል በዚህ በሽታ ላይ ፍጹም ተቃራኒው እውነት ነው።


መልስ፦ ከ«ፍራንክፈርት»

የእኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ ሶሪያሲስ ያለብኝ እኔ አይደለሁም፣ ችፌ ያለባት የአራት ዓመት ልጄ ናት። እናቴ ከአገር ቤት እየደወለች የወይራ ዘይት ቀቢያት ትለኝ ስለነበር ክረምቱን ሙሉ ቀባኋት፤ ጉልበቷ እጥፋት ላይ ግን እየባሰ ሄደ። የሕፃናት ሐኪሟ ዘይቱን አስቁመውኝ፣ ለቆዳ የሚዘጋጅ የአጃ ዱቄት ያለበት ክሬም ሰጡኝ። ዘይቶች ሁሉ አንድ ናቸው ብዬ የማስብ ሰው ስለነበርኩ ምክንያቱን የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።


መልስ፦ ከ«የቆዳ ሐኪም»

እህቴ፣ ሐኪሟ ልክ ናቸው። በእንግሊዝ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የወይራ ዘይት ለአራት ሳምንት የተቀባ ክንድ የቆዳው መከላከያ ሽፋን ተዳክሞ መጠነኛ መቅላት ሲታይበት፣ የሱፍ አበባ ዘይት ግን ያንን ጉዳት እንዳላደረሰ አሳይቷል። የወይራ ዘይት ኦሌይክ አሲድ ይበዛበታል፤ ይህ አሲድ በቆዳ ሕዋሳት መካከል ያለውን ስብ ያላላል። ችፌ ያለበት ልጅ ቆዳ ደግሞ ከመነሻው ይህ ሽፋን የሳሳ ነው። ለቆዳ የተዘጋጀ የአጃ ዱቄትን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ቆዳን ከሚጠብቁ ነገሮች መድቦታል። የካሞሚልና የካሌንዱላ ክሬም ግን ሳይጠይቁ እንዳይገዙ፤ በእነዚህ የአበባ ቤተሰቦች አለርጂ የሚነሣባቸው ልጆች አሉ።


ጠያቂው፦ «ጣና ዳር»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ባዶውን ዕቃ ይዤ ሐኪሜ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ሆዴንና ጀርባዬን አይተው ስሙ የታወቀ ስቴሮይድ ለአጭር ጊዜ ሰጥተው፣ በየሳምንቱ እየቀነስኩ የማቆምበትን ቀን በወረቀት ጽፈውልኛል። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን በዚህ ወር ብቻ እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ የመጣ አራተኛ ሰው መሆኔን ነገሩኝ።

እሬቱን በተመለከተ፣ ጥቅሙ አነስተኛ መሆኑን ተረድቼም ቢሆን እናቴን እምቢ ለማለት አልቻልኩም፤ ሐኪሜም የተቆጣ ቆዳ እስኪረጋጋ ጠብቀህ ሞክረው ብለዋል። የፊዚክስ መምህር ነኝና በግምት ሳይሆን በልኩ ልፈትነው እፈልጋለሁ። እንዴት ላድርገው?


መልስ፦ ከ«ብልቃጥ»

በመጀመሪያ ጤነኛ ቦታ ላይ፣ ከክንድዎ ውስጠኛ ክፍል በአንድ ብር ሳንቲም ስፋት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ሳምንት ይቀቡት። ካሳከከ፣ ካበጠ ወይም ሽፍ ካለ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ምንም ካልሆነ የታይዋን ሰዎች እንዳደረጉት ጎን ለጎን ያወዳድሩ፤ በግራ ክርንዎ እሬትና ቫዝሊን፣ በቀኝዎ ቫዝሊን ብቻ፣ የሐኪምዎ መድኃኒት ደግሞ በሁለቱም ላይ እኩል። በየእሑዱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መስኮት ብርሃን ፎቶ ያንሱ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ወይን ጠጅ ወይም ግራጫ መስሎ ስለሚታይ፣ ቁስሉ ሲድንም ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ትቶ ስለሚሄድ፣ ቀለሙን ትተው ውፍረቱንና ቅርፊቱን ይለኩ። ከስምንት ሳምንት በፊት ፍርድ አይስጡ። ፎቶዎቹን የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ያሳዩ፤ ለእናትዎ ግን አያሳዩ፣ ግራውን ይመርጣሉ።


መልስ፦ ከ«የደብረ ማርቆሷ»

ልጄ፣ ቅጠሉን የምትቆርጠው ከሥሩ ነው፤ ቆርጠህም ወዲያው አትላጠው። የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርገህ ብርጭቆ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል አቁመው፤ ቢጫው ይወርድልሃል። ከዚያ እጠበውና ልጡን ግፈፈው፤ የተረፈህን ከሁለት ቀን በላይ አታቆየው፣ ይሸታል። ብርጭቆውን ግን ለሻይ አትመልሰው፤ ሦስት ጊዜ አጥቤውም ሻዬን አምርሮብኛል።